ዋልካ ላይ ቤት፦ የድንጋይ መሠረት ወይስ የአርማታ ፉቲንግ?

በበጋ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ማሳ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ? ዋልካው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ክረምት ሲመጣ ያው አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ መደብ ሠርቶ ውኃውን ያጠነፍፋል። ቤት ሠሪው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

የድንጋይ መሠረት ርካሽ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ ግንበኛውም እጁ የለመደው ሥራ ነው። ዐለት ወይም ጠንካራ አፈር ቶሎ ከተገኘ፣ ፎቅ ለሌለው ቤት እኔ ሌላ አልመርጥም። ችግሩ፣ ድንጋይ ጫና ይችላል እንጂ መታጠፍ አይችልም። ዋልካው አንዱን ጥግ ሲያነሳ ሌላውን ሲያወርድ ግንቡ ይሰነጠቃል። የዘመዴ ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ተተርትሯል። በየዓመቱ በጂፕሰም ይደፍኑታል፤ ክረምት ሲያልፍ መልሶ ይከፈታል።

ፉቲንግ ከምሰሶው ሥር የሚቀመጥ ሰፊ መቀመጫ ነው፤ በፌሮና በኮንክሪት ይሠራል። ዋልካውን አልፎ ጠንካራው ላይ ያርፋል፤ ምሰሶው ሸክሙን ወደዚያ ያወርዳል። ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ ቢም ግን ዋልካው ላይ መተኛት የለበትም። ከሥሩ ክፍተት ካልተተወለት አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ወጪውስ? ይከብዳል፣ በተለይ ዋልካው ጥልቅ ሲሆን።

ዋልካው ስስ ከሆነ ሁሉንም ዝቆ አውጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት አፈር) እየጠቀጠቁ መሙላት ይቻላል። ያኔ ድንጋዩም ይበቃል። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። የትኛውንም ቢመርጡ የጣሪያው ውኃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ቦይ ያውጡለት።