በእርሳስ ተጫውቼ 98 ከመቶ የሰጠኝ የፒያኖ ማስተማሪያ ፕሮግራም

የእርሳሴን ላጲስ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አዙሬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣውን የዶ ሜጀር ስኬል ከታችኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ አንድ በአንድ ነካሁ። ምቱን ጠብቄያለሁ፤ የተሳሳተ ቁልፍም አልነካሁም። ፕሮግራሙ ስክሪኑን አረንጓዴ በአረንጓዴ አደረገው፤ 98 ከመቶ ሰጠኝ፤ ጣቶቼ እየተፍታቱ መምጣታቸውንም አበሰረኝ። ጣቶቼ እርሳስ ጨብጠው ነበር።

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ሳጣራ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ስለዚህ ከአርባ ዓመቴ በኋላ ፒያኖ ልማር ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ የጫንኩት ፕሮግራም በየመልመጃው መጨረሻ ውጤት ሲቸረኝ፣ ከየት እንደሚያመጣው ሳላውቅ መቀበል አልሆነልኝም። የእርሳሱ ፍተሻ የመጀመሪያው ነበር፤ ሌሎችም ተከትለውታል። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ፕሮግራሙን አልጣልኩትም፤ ክፍያዬንም አድሻለሁ። የትኛውን ምስክርነቱን እንደምቀበልና የትኛውን እንደማልቀበል ግን ለይቻለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሰማን ማወቅ ያስፈልጋል። የፒያኖ ኪቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ለትምህርቱ የሚያገለግለውና በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ግን ድምፅ አይደለም። ሚዲ ይባላል፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ ኩባንያዎች የተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ የሚላከው መልእክት ሦስት ቁጥሮችን ብቻ ይይዛል፦ ቁልፍ መነካቱን የሚያሳውቅ አንድ፣ የቁልፉ መለያ አንድ፣ የተነካበት ኃይል አንድ። 88 ቁልፎች ባሉት ሙሉ ኪቦርድ ላይ በግራ ጫፍ ያለው ላ መለያው 21 ነው፤ መካከለኛው ዶ 60፤ በቀኝ ጫፍ ያለው ዶ 108። ኃይሉ ከ1 እስከ 127 ባሉት ቁጥሮች ይገለጻል። ቁልፉ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ መልእክት ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። የትኛው ጣት እንደነካው የሚናገር ቁጥር የለም። የእጅ አንጓ መገተሩን፣ ትከሻ ወደ ጆሮ መጠጋቱን የሚናገርም የለም። ኮምፒውተሩ 60 መነካቱን ያውቃል፤ በአውራ ጣት ይሁን በክርን ወይም በእርሳስ አያውቅም።

ይህ ለጀማሪ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስኬሉ ስምንት ድምፆች አሉት፤ እጅ ደግሞ አምስት ጣት። ቀኝ እጅ ዶን በአውራ ጣት፣ ሬን በሌባ ጣት፣ ሚን በመሃል ጣት ከነካ በኋላ አውራ ጣት በመሃል ጣት ሥር ሾልኮ ፋ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ የቀሩት አራት ጣቶች ሶልን፣ ላን፣ ሲንና ላይኛውን ዶ በተራ ይደርሱባቸዋል። ሲነገር ቀላል ነው። ስትሞክሩት ግን ክርናችሁ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ የእጅ አንጓችሁ ይጣመማል፤ ፋም ከጎረቤቶቹ ሁሉ ጮክ ብሎ ይወጣል፤ ዘግይቶ የደረሰ አውራ ጣት ቁልፉን በመንካት ፈንታ ይወድቅበታልና። መላው አውራ ጣትን ቀደም ብሎ ማስነሣት ነው። ሌባ ጣት ሬ ላይ እንዳረፈ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ውስጥ ጉዞውን ይጀምር፤ የፋ ተራ እስኪደርስ ዶ ላይ ተኝቶ አይጠብቅ። ፕሮግራሙ ከኖታዎቹ በላይ 1፣ 2፣ 3፣ 1 እያለ የጣት ቁጥሮችን በትጋት ይጽፋል፤ መታዘዛችሁን ማጣራት ግን አይችልም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶልን በአምስት ጣት ተራ በተራ የነካ ጀማሪ ላ ላይ ሲደርስ ጣት ያልቅበታል፤ እጁን አንሥቶ ዘሎ ይቀጥላል፤ ፕሮግራሙም አረንጓዴውን ያበራለታል። ፍጥነቱ ሲጨምር ያ ዝላይ ይከዳዋል። ያን ጊዜ ልማዱ ሥር ሰድዷል።

የጣቱን ይቅር ልበለው፤ ያልተሰጠውን መረጃ ማንም አይጠይቀውም። የሚያበሳጨኝ የተሰጠውን አለመጠቀሙ ነው። በሁለተኛው ፍተሻ አንዱን መልመጃ መጀመሪያ ቁልፎቹን ዳሰስ ዳሰስ እያደረግኩ፣ ቀጥሎ በሙሉ ኃይሌ እየቀጠቀጥኩ ተጫወትኩት። ውጤቱ አንድ ሆነ። የኃይሉ ቁጥር በገመዱ ደርሶታል፤ ኖታው ላይም «እዚህ ለስለስ ይበል» የሚል ምልክት አለ፤ ሁለቱን ግን አያገናኛቸውም። ቀጥዬ ለአራት ምት ተይዞ መቆየት ያለበትን ድምፅ ነክቼ ወዲያው ለቀቅኩት። የቀረው ሁሉ ጭጭ አለ። ሙሉ ነጥብ! የመልቀቂያው መልእክት በእጁ ገብቶ ሳለ ማለት ነው። ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ እያለ ሳያይ የፈረመ መርማሪ በእኛ ሙያ ምን እንደሚባል እዚህ አልጽፍም። ድምፅን ከድምፅ ማያያዝ፣ ቀጣዩ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ያለፈውን አለመልቀቅ፣ የተበታተኑ ድምፆችን ዜማ የሚያደርጋቸው ይኸው ነው፤ የእኔ ፕሮግራም ግን ጉዳዬ አይለውም።

ታዲያ ለምን አልጣልኩትም? በጊዜ ጉዳይ የሚስተካከለው ስለሌለ ነው። ቁልፉ መቼ እንደተነካ ይህን ያህል አጥብቆ የሚይዝ ሰው አላውቅም። በደቂቃ 60 ምት ሲሆን እያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ ይሆናል፤ ከዚያች ሰከንድ ለጥቂት ብቀድም ኖታውን ገፋ አድርጎ ወደ ግራ፣ ብዘገይ ወደ ቀኝ ያሳየኛል። መልመጃው ሲያልቅ ደግሞ ከዚያ ከሚያብረቀርቀው ውጤት ሥር አንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ አለች፤ ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት ይመስለኛል። ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፈሉትን ክፍሎች በተራ አስቀምጣ የት እንደቀደምኩ፣ የት እንደዘገየሁ ትዘረዝራለች። ከፕሮግራሙ ሁሉ የምወደው እሷን ነው። የእጄን ጠባይ የነገረችኝ እሷ ናት፦ ግራ እጄ ቦታ በሚቀይርበት ክፍል ሁሉ እጓተታለሁ፤ ቀላል ክፍል ሲመጣ ደግሞ የጠፋውን ላካክስ ብዬ እሮጣለሁ። ጆሮዬ ይህን አልነገረኝም፤ የሚጫወት ሰው ጆሮ ለራሱ ያደላል።

ልምምዴ የሚነሣው ከዚያች ሰንጠረዥ ነው። የተጓተትኩባቸውን ሁለት ክፍሎች ብቻ መርጬ እንዲደጋገሙ አደርጋለሁ፤ ፍጥነቱን በግማሽ አወርዳለሁ፤ የቀኝ እጁን ፕሮግራሙ እንዲጫወትልኝ ትቼ ግራውን ብቻ እይዛለሁ፤ ከዚያ እንቀያየራለን፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም እወስዳለሁ። ሰው የሆነ መምህር ያንኑ ነገር ይህን ያህል ቢሰማ ቢያንስ ሰዓቱን ያያል። ለዐዋቂ ጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጅ ሰው ፊት ቢሳሳት ስቆ ያልፋል፤ የጎለመሰ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። በዚያ ላይ ጆሮው ብዙ ጥሩ ሙዚቃ ሰምቶ የኖረ ስለሆነ ጥሩው ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል፤ እጁ ግን ገና ዳዴ ይላል። ብዙዎቻችንን ተስፋ የሚያስቆርጠን በጆሮና በእጅ መካከል ያለው ይህ ርቀት ነው። ማዳመጫ አጥልቆ ማንም ሳይሰማ እየተሳሳቱ መቀጠል መቻል ርቀቱን ባያጠብበውም ያስችላል።

አሁን ከሠሪዎቹ ጋር ወደሚያጣላኝ ነገር ልምጣ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚያሳየው ኖታ አይደለም። ከስክሪኑ አናት ባለ ቀለም ዘንጎች እየወረዱ ታች በተሣለው ኪቦርድ ላይ ያርፋሉ፤ እናንተም ያረፉበትን ቁልፍ ትነካላችሁ። ያምራል፣ አይካድም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት እጅ የሚጠይቅ ነገር ያስጫውታችኋል፤ ሰውም ተሰጥኦ ያለው ይመስለዋል። ሰው ተከትሎ የሄደ መንገደኛ ግን ብቻውን ሲመለስ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ዘንጎቹን ተከትሎ የተጫወተም ስክሪኑ ሲዘጋ እንዲሁ ነው። ዘንጎቹ ቀጥሎ የሚነካውን እንጂ ዜማው ወዴት እንደሚያመራ አያስተውሉንም። ኖታ ላይ ዓይን አንድ ሙሉ ሐረግ በአንድ ጊዜ ያያል፤ ሲወጣ መውጣቱን፣ ሲወርድ መውረዱን፣ የቀድሞው ሲደገም መደገሙን። ስለዚህ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ዘንጎቹን አጥፉና አምስቱን መስመሮች አውጡ። የግራ እጅ መስመሮች ለጊዜው ያንገበግባሉ፤ በቀኝ እጅ መስመሮች ላይ ዶ ከተቀመጠበት ከሦስተኛው ክፍተት በግራ እጅ መስመሮች ላይ ሚ ታገኛላችሁ። ይለመዳል።

ትክክለኛውን ቁልፍ እስክትነኩ ድረስ ሙዚቃውን አቁሞ የሚጠብቀው አማራጭም በልክ ቢሆን ይሻላል። አዲስ ዜማ ስትጀምሩ ቁልፎቹ የት የት እንዳሉ ለመፈለግ ግሩም ነው። ከዚያ በላይ ከቆያችሁበት ግን ምትን ከውስጣችሁ ያወጣዋል፤ በየቁልፉ ቆም እያሉ መፈለግ ራሱ የጨዋታው አካል ይሆንባችኋል። እኔ ቁልፎቹን እንዳገኘሁ አጠፋዋለሁ። ፍጥነቱን አውርዶ፣ ምቱን ሳይለቁ እየተሳሳቱ መሄድ ይበልጣል።

ስለ ሜዳሊያዎቹ፣ ስለሚፈነዱት ርችቶችና አንድ ቀን ካልተለማመድኩ ስለሚደርሰኝ የወቀሳ መልእክት ብዙ አልናገርም። ሁሉም ይጠፋሉ፤ የሚጠፉበትን ቦታ መፈለግ ብቻ ነው፤ አርቀው ነው የደበቁት።

መሣሪያን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይበላሉ። አንደኛው የድምፅ መዘግየት ነው። ገመድ አልባ ማዳመጫ ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገየዋል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዜማ የአንድ ምት ሩብ 125 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ይህ መዘግየት ቀላል አይደለም። ጣት ነክቶ ድምፁ ሲዘገይበት ተጫዋቹ ሳያውቀው ቀድሞ መንካት ይጀምራል፤ ያቺ ሰንጠረዥም በየክፍሉ ቀድመሃል እያለች ትከስሰዋለች። ባለ ገመድ ማዳመጫ ያዙ፤ የምትሰኩትም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ራሱ ኪቦርዱ ላይ ይሁን፤ የኮምፒውተሩን የፒያኖ ድምፅ ዝጉት። ሁለተኛው፣ ገመድ የማይሰካበት ባለ አውታር ፒያኖ ያላቸው ሰዎች ፕሮግራሙ በማይክሮፎን እንዲያዳምጣቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። ነጠላ ድምፅ ላይ ያስኬዳል። ኮርድ ላይ፣ ማለትም ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲነኩ፣ ይምታታል፤ ይህም የማይክሮፎኑ ጥፋት አይደለም። መካከለኛው ዶ በሰከንድ 262 ጊዜ ገደማ ሲርገበገብ፣ የዚያው አውታር ድምፅ በእጥፉ፣ በ523 ገደማ የሚርገበገበውን የላይኛውን ዶ ድምፅም አብሮ ይይዛል። ወዳጄ ቤት ባለ ፒያኖ ላይ ፕሮግራሙ ሁለቱን ዶዎች በአንድ ላይ ንካ ሲለኝ የታችኛውን ብቻ ነካሁ፤ ሁለቱንም እንደነካሁ መዘገበልኝ።

የጎደለውን በሌላ መንገድ እሞላዋለሁ። ስልኬን ከጎኔ በእጄ ከፍታ አቁሜ ራሴን እቀርጻለሁ፤ አንጓዬ ሲወርድ፣ ትንሿ ጣቴ በማትፈለግበት ጊዜ ወደ ላይ ተገትራ ስትቆም የሚያሳየኝ እሱ ነው። የፒያኖ መምህር ማግኘት የሚችል ሰው ደግሞ አልፎ አልፎም ቢሆን እጁን ብቻ እንዲያይለት ይጠይቅ። ኖታውንና ምቱን ፕሮግራሙ ስለሚይዝ የመምህሩ ጊዜ በዚያ አይባክንም።

የሚገዛውን ሰው ልለይ። ጨርሶ ጀማሪ የሆነ፣ ኃይልን የሚለይ ኪቦርድ ያለው፣ ሌሊት እንጂ ቀን ጊዜ የሌለው ዐዋቂ ይግዛው፤ ኪቦርዱ ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎች ቢኖሩት ደግሞ እሰየው። በልጅነቱ ተምሮ የተወ፣ እጁ ቅርጽ ያለው ሰው ከሁላችንም በላይ ይጠቀምበታል፤ እሱ የሚያስፈልገው ሰዓት ያዥ ብቻ ነውና። ለትንሽ ልጅ ግን ያለ መምህር ብቻውን አልሰጠውም። ሠሪዎቹ የመልቀቂያውን መልእክትና የኃይሉን ቁጥር በውጤቱ ውስጥ ያስገቡ እንደሆነ እንደገና እፈትሸዋለሁ። እስከዚያው ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የሰንጠረዧ ናቸው።