አምፖል፣ ኤልኢዲ ወይስ ሌዘር? ፕሮጀክተር ስትመርጡ አሟሟቱንም ጠይቁ

ሰው ፕሮጀክተር ሊገዛ ሲነሳ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ዋጋው ይጠይቃል። ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ይሄ ዕቃ ሲበላሽ ምን ይሆናል? ሁሉም ፕሮጀክተር አንድ ቀን ያመዋል። በሽታው ግን ብርሃኑን እንደሚያወጣው ነገር፣ አምፖል፣ ኤልኢዲ ወይም ሌዘር፣ ይለያያል። አንዱን ቶሎ ቶሎ ያመዋል፣ መድኃኒቱ ግን ቅርብ ነው። ሌላው ለዓመታት እህ ሳይል ይቆይና የታመመ ዕለት ቻው ነው። የትኛውን በሽታ ማስታመም እንደምትችሉ ካወቃችሁ የምርጫው ግማሽ አለቀ።

በቅድሚያ፣ የድሮው እውነት ሞቷል?

አዲስ የምትፈልጉት የድሮው እምቢ ስላላችሁ ከሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡት። ግድግዳው ላይ ብርሃን አለ ወይስ የለም? ምርመራው ከዚህ ይጀምራል።

ብርሃን አለ፣ ምስል የለም እንበል። የፕሮጀክተሩን የራሱን ሜኑ በሪሞት ክፈቱ። ሜኑው ጥርት ብሎ ከታየ ፕሮጀክተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ኬብሉ ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ኬብሉን ነቅላችሁ መልሱት። የገባበት ቀዳዳና ፕሮጀክተሩ ላይ የተመረጠው አንድ መሆናቸውን እዩ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር አብራችሁ ተጫኑና ምስሉ በሁለቱም በኩል እንዲታይ ምረጡ። ሁሉ ነገር ቢጫ ወይም ሮዝ ሲሆንም ይኸው ሜኑ ይመሰክራል። የሜኑው ቀለም ትክክል ሆኖ የኮምፒውተሩ ምስል ብቻ ከተዛባ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኬብል ነው። በተለይ የድሮው ቪጂኤ ኬብል አንዷ እግሩ ስትታጠፍ አንድ ቀለም ይዛ ትጠፋለች። ሜኑውም ከተዛባ ግን ነገሩ ውስጥ ነው፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ብርሃን ጭራሽ ከሌለ ጠቋሚ መብራቶቹን እዩ። አብዛኛው ፕሮጀክተር ለአምፖል አንድ፣ ለሙቀት አንድ አለው። የብልጭታው ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ መመሪያውን መክፈት ግድ ነው። የሙቀቱ ከበራ አምፖሉን አትጠርጥሩ። ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ፕሮጀክተር ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይ ማራገቢያው ደክሟል፣ ወይ የአየር መውጫው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከፍ ያለ ቦታ፣ ከ1500 ሜትር በላይ፣ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ሜኑው ውስጥ ለከፍታ የተዘጋጀ ምርጫ አላቸው። ሳሳ ያለ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ምርጫው ሲበራ ማራገቢያው በፍጥነት ይዞርና ያካክሳል።

የአምፖሉ ጠቋሚ ከበራስ? አንድ ጓደኛዬ አዲስ ፕሮጀክተር ልናማርጥ ጠራኝ። የድሮው አምፖሉ ተቃጥሏል አለ። መቼ ተበላሸ ስለው፣ "አጽድቼ ከመለስኩት ወዲህ" አለኝ። ከአምፖሉ ክዳን ሥር ጥፍር የምታክል ቁልፍ አለች። ክዳኑ በደንብ ካልተጫናት አምፖሉ እንዲበራ አትፈቅድም። ብሎኑን አጠበቅን፣ በራ። ማማረጡም በዚያው ቀረ።

ክዳኑ ተዘግቶም ካልበራ አዳምጡ። ጠቅ ጠቅ ብሎ ብርሃኑ ካልመጣ ወይ አምፖሉ አልቋል፣ ወይ አምፖሉን የሚያቀጣጥለው ባላስት ተበላሽቷል። ባላስቱ ለማቀጣጠል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚልክ ክፍት አድርጋችሁ አትነካኩት። መለያው አንድ ነው፦ ደህና መሆኑ የታወቀ አምፖል ገጥሞ ማየት።

ቶሎ ቶሎ የሚያመው፦ አምፖል

ስሙ አምፖል ይባል እንጂ የቤት አምፖል አይደለም። ውስጡ ሜርኩሪ አለ፤ ሲሠራ የውስጥ ግፊቱ 200 አትሞስፌር ገደማ ይደርሳል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ካስተዋወቀው ወዲህ ለረጅም ጊዜ የፕሮጀክተር ልብ እሱ ነበር።

ዕድሜው በሙሉ ብርሃን ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት አካባቢ ነው። ኢኮ በሚባለው ዝቅተኛ ብርሃን ከዚያ ይረዝማል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት ግን አምፖሉ የሚጠፋበት አይደለም። ብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚወርድበት ነው። ድክመቱ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ዓይን ይለምደዋል። "መጋረጃውን ዝጉት እስቲ" ማለት ካበዛችሁ አምፖሉ አርጅቷል ማለት ነው።

ሌላው ምልክት መርገብገብ ነው። ውስጥ ያለው የብርሃን ቅስት ከቦታ ቦታ ሲዘል ምስሉ ይርገበገባል። ሁልጊዜ በኢኮ የሚሠራ አምፖል ላይ ይሄ ይበዛል። ለጥቂት ሰዓት በሙሉ ብርሃን አሠሩት፤ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ካልተረጋጋ ቀይሩት። ዕድሜው ካለፈ በኋላ በግድ የሚሠራ አምፖል ጧ ብሎ ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ከሶኬት ነቅሎ መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው፤ ሜርኩሪ ነው ብያችኋለሁ።

አምፖል የመብራት መቆራረጥን አይወድም። መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያውም ይቆማል፤ የጋለው አምፖል ያለ ነፋስ ይቀራል። መብራቱ ወዲያው ቢመለስ እንኳ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ላይቀጣጠል ይችላል። ይህን "ተበላሸ" ብለው ለጥገና የሚወስዱ አሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ይህን ሁሉ ክፉ ነገር አወራሁ እንጂ አምፖል አንድ ትልቅ ደግነት አለው። በአንድ ብሎን መፍቻ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ የሰዓት ቆጣሪው ሪሴት ይደረጋል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን እንደ አዲስ ይሆናል። ሌዘርና ኤልኢዲ ይህን ዕድል አይሰጧችሁም።

እህ የማይለው፦ ሌዘር

አብዛኛው ሌዘር ፕሮጀክተር 20,000 ሰዓት ይባልለታል፣ እሱም እስከ ግማሽ ብርሃን። በቀን 4 ሰዓት ብትጠቀሙ ከ13 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሲበራ ወዲያው ይበራል፣ ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል። ድንገተኛ የመብራት መጥፋት እንደ አምፖል አያስፈራውም። ውስጡ ብዙ ጥቃቅን ሌዘሮች ስለተደረደሩ አንዷ ብትሞት ሌሎቹ ይቀጥላሉ፤ ጨለማ ውስጥ አትቀሩም።

እንግዲህ ሻጩ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ልቀጥል። 20,000 ሰዓቱ የሌዘሩ ተስፋ እንጂ የፕሮጀክተሩ አይደለም። ማራገቢያው፣ የኃይል ሰሌዳው፣ ምስል የሚሠራው ክፍል ቀድመው ሊሄዱ ይችላሉ። ብዙዎቹ ሰማያዊ ሌዘርን በሚሽከረከር የፎስፈር ጎማ ላይ አሳርፈው ነው ቢጫውን የሚያወጡት። ጎማ ነው፣ ሞተር አለው፣ ሞተር ደግሞ ይደክማል። የብርሃን ክፍሉ ከተበላሸ እናንተ የምትቀይሩት ዕቃ የለም። ዋስትናው ካለፈ የጥገናው ሂሳብ ወደ አዲስ ፕሮጀክተር ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ሌዘር ስትገዙ ከሉመኑ፣ ማለትም ከብርሃን መጠኑ፣ በፊት ዋስትናውን አንብቡ። ስንት ዓመት? ስንት ሰዓት? የብርሃን ምንጩን ይጨምራል? ከዓመቱና ከሰዓቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ይዘጋዋል።

ትንሹ፦ ኤልኢዲ

ኤልኢዲም 20,000 እና 30,000 ሰዓት ይባልለታል። ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ብርሃኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ያንሳል። ችግሩ ካርቶኑ ይህን አለመናገሩ ነው። "9000 ሉመን" የሚል ርካሽ ኤልኢዲ ካያችሁ ሳቁና እለፉ። የሚታመነው አንሲ ወይም አይኤስኦ የሚል የመለኪያ ደረጃ ስም ያለበት ሉመን ነው። እነዚህ ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ቦታ ተለክተው በአማካይ የሚወጡ ናቸው። "1080 ይደግፋል" የሚለውም ሌላ ወጥመድ ነው። ይደግፋል ማለት ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ የራሱ ትክክለኛ ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥቡ ብዛት፣ 800 በ480 ሊሆን ይችላል። የራሱን ጥራት ጠይቁ።

ርካሾቹ ሲሞቱ ገዳዩ ኤልኢዲው አይደለም፤ ሙቀት ነው። ብርሃን እያሳለፈች ምስሉን የምትሠራው አንዷ የኤልሲዲ መስታወት ትጠበስና የምስሉ መሃል ላይ ቢጫ ወይም ጠቆር ያለ ጥላ ይመጣል። እሱን የሚጠግን ብዙም አታገኙም።

መስታወት ወይስ ኤልሲዲ?

ከብርሃኑ ምንጭ ሌላ ምስሉን የሚሠራው ክፍል አለ። ሜኑው ራሱ ሲዛባ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ዲኤልፒ የሚባለው በጥቃቅን መስታወቶች ይሠራል። መሠረቱን ላሪ ሆርንቤክ እ.ኤ.አ. በ1987 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ ፈለሰፈው። በሽታው ልዩ ነው። መጀመሪያ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ስክሪኑ ከዋክብት እንደሞላው ሰማይ ይሆናል። መስታወቶቹ ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል፤ መፍትሔው እነሱን የያዘውን ቺፕ መቀየር ነው፣ ርካሽ አይደለም። ሁለተኛው በሽታ የቀለም ጎማው፣ እየተሽከረከረ ብርሃኑን በየተራ የሚያቀልመው፣ ነው። ሲያረጅ እንደ ትንኝ ይጮኻል፣ ቀለሙ ይዘባረቃል። ጎማው በትክክል ካልዞረ ፕሮጀክተሩ አምፖሉን ያጠፋል። ሰውም አምፖል ገዝቶ ይገጥማል፣ ያው ነው። እንግዲህ ከመጥፋቱ በፊት ጩኸት ከነበረ ጎማውን ጠርጥሩ።

ባለ ሦስት ኤልሲዲው ጎማ የለውም፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ አሳልፎ ያጣምራል። ዲኤልፒ ላይ ዓይን ሲንቀሳቀስ ቀስተ ደመና መሰል ብልጭታ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እዚህ የለም። እናንተ ከነዚያ ሰዎች መሆናችሁን ሳታዩ ዲኤልፒ አትግዙ፤ ብልሽት አይደለምና ዋስትና አይሸፍነውም። ኤልሲዲ በበኩሉ አቧራ ይፈራል። ማጣሪያው ካልጸዳ ውስጥ ይገባና ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ባለ ቀለም ክብ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ብርሃን የሚያጣሩት ስስ ሽፋኖች ይቃጠላሉ። የሰማያዊው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚጎዳ ነጩ ላይ ቢጫ እድፍ ይወጣል። አምፖል ብትቀይሩ አይለቅም። ለአቧራማ ቦታ የታሸገ ዲኤልፒ ይሻላል፤ ማጣሪያ ለማጽዳት ለማይሰንፍ ኤልሲዲ።

ጄቪሲና ሶኒ የሚሠሩት ኤልኮስ የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ለጨለማ ክፍልና ለፊልም ወዳድ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

አምፖል ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ

ገበያ ላይ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። አምራቹ ከነቤቱ የሚሸጠው ዋናው አለ። እንደ ኦስራምና ኡሺዮ ያሉ የአምፖል አምራቾችን መብራት በሌላ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ የገጠሙም አሉ። ሙሉ ኮፒም አለ። እኔ ኮፒውን ገዝቼ አይቻለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መርገብገብ ጀመረ፣ ብርሃኑም ካወጣሁት አሮጌ ብዙም አልተሻለም። ሁለተኛው አማራጭ፣ መብራቱ እውነተኛ ከሆነ፣ ለእኔ ጥሩው ነው። ያለ ቤቱ ራቁቱን የሚሸጠው ይረክሳል። ግን ትንሽ ከተጣመመ ብርሃኑ ይባክናል፣ የአምፖሉን የኳርዝ መስታወት በጣት ከነካችሁት ደግሞ የጣቱ ቅባት ያቃጥለዋል።

ያገለገለ ስትገዙ

"300 ሰዓት ብቻ" አለኝ ሻጩ። ሜኑውም 300 ይላል። ተሸወድኩ። የአምፖል ቆጣሪ በጥቂት ሰኮንድ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ለዚያ ነው የተሠራውም። አንዳንዱ ፕሮጀክተር ከአምፖሉ ሰዓት ሌላ የራሱን ጠቅላላ ሰዓት ይዟል። እሱን ፈልጉ። ከዚያ ሙሉ ነጭ ምስል፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቱ። ነጩ ላይ ቢጫ እድፍ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ወይም ባለ ቀለም ጠባሳ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት ሳያጠፉ አሠሩት። ሻጩ "ለምን ይሄን ያህል?" ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ታዲያ ማን የቱን?

በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የሚሠራ፣ ለክፍል ወይም ለስብሰባ አዳራሽ ከሆነ ሌዘር ግዙ። እዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አምፖል መቀየር ራሱ ሥራ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታም ሌዘር ወይም ኤልኢዲ ይሻላል፤ አምፖል ከሆነ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ አብራችሁ ግዙ። ከክፍል ክፍል ይዞ ለመዞር፣ ለጨለማ ክፍል፣ ለትንሽ ምስል ከሆነ ትክክለኛ አንሲ ሉመኑ የተጻፈበት ኤልኢዲ ይበቃል።

በሳምንት ሁለት ፊልም ለሚያይ ግን ሌዘር ብክነት ነው እላለሁ። ያ በዓመት 200 ሰዓት ገደማ ነው። የ4000 ሰዓት አምፖል 20 ዓመት ይሆናል፤ ፕሮጀክተሩ ራሱ ያን ያህል አይቆይም። ያንኑ ገንዘብ ለተሻለ ሌንስና ለተሻለ የፒክሰል ጥራት አውሉት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የአምፖሉን መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ለየብቻው አሁንም እንደሚሸጥ አረጋግጡ። እኔ ቤት ያለው አምፖል ያለው ኤልሲዲ ነው። መሳቢያ ውስጥ አንድ መለዋወጫ አምፖል ተቀምጧል፣ እስካሁን አልተከፈተም። የማጸዳው ማጣሪያውን ብቻ ነው።