7ን በ18 ላባዛችልኝ ፋርማሲስት የቀረበ ምስጋና

ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከሐኪም ፊት የተቀመጥኩበት ጊዜ ቢደመር ከጥቂት ሰዓታት አይበልጥም፤ ስለ ሕመሜ ስልኬ ላይ ሳነብ ያመሸሁባቸውን ሌሊቶች ግን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ያን ንባቤን መስመር ያስያዘችልኝን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈራችን መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት በዚህ አጋጣሚ ማመስገንና ለሌሎችም መጠቆም እወዳለሁ። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ ፈቃዷን አከብራለሁ።

የተዋወቅነው በድንጋጤዬ ምክንያት ነው። በአንድ የእንግሊዝ የጤና ገጽ ላይ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ምልክት እንደሆነ አነበብኩ፤ በዚያው ጠዋት የእኔ መለኪያ ያሳየኝ ደግሞ 148 ነበር። ከወሰኑ ሃያ እጥፍ ያለፍኩ መስሎኝ የመድኃኒቴን መጠን በገዛ ሥልጣኔ ልጨምር ወሰንኩና ተጨማሪ እንክብል ልገዛ ሄድኩ። እርሷ ግን መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ያነበብኩትን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ገጹ የሚጠቀመው ሚሊሞል በሊትር የሚባለውን መለኪያ ሲሆን የእኔ መሣሪያ የሚያሳየው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። «ጋሼ፣ 7ን በ18 ያባዙት፤ 126 ይመጣልዎታል» አለችኝ። የእኔ 148 ከፍ ያለ ቢሆንም፣ የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ለአብዛኞቹ አዋቂ ሕሙማን ከምግብ በፊት ካስቀመጠው ከ80 እስከ 130 ካለው ግብ እጅግ የራቀ አልነበረም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያለውን አማካይ በሚያሳየው የኤ ዋን ሲ ምርመራ የሚጠቀሰው 7 ደግሞ በመቶኛ ስለሆነ በ18 እንደማይባዛ አክላ አስጠነቀቀችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ልሠራው የነበረው ቀጣዩ ስሕተት ይኸው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታደሰና ከጽሑፉ ሥር የሚሸጥ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋጀውን ሜድላይንፕላስንና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ካለው ሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል ጋር የተያያዘውን ኤትኖሜድን ያሳየችኝ እርሷ ናት። ሁለቱም በአማርኛ የተዘጋጁ የጤና ጽሑፎች አሏቸው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን መልሱ ከስልክ መምጣት የሌለበትን ጥያቄ ለይታ ስለነገረችኝ ነው። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ፣ የሚጾም ሰው የስኳር መድኃኒት አያስፈልገውም የሚል ጽሑፍ አንብቤ ልቤ ሸፍቶ ነበር። የምወስደው ግሊቤንክላሚድ ምግብ ባልበላም ጊዜ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ስኳሬ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ እንደሚችል፣ በአንጻሩ መድኃኒቱን በድንገት ማቆምም ሌላ ጉዳት እንዳለው አስረዳችኝ። ከዚያም ጥያቄዎቼን በወረቀት አስጽፋ ወደ ሐኪሜ ላከችኝ፤ ሐኪሜም የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስተካከለልኝ።

የመድኃኒት ቤቱን አድራሻ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያውና ያሳሰባችሁን ገጽ ይዛችሁ ሂዱ።