ቀለሃን መልሶ መሙላት ወይስ የፋብሪካ ጥይት መግዛት

በአሜሪካ የሚኖሩ የደሴ ልጆች በአደን ወቅት የተኮሱበትን ቀለሃ (ባዶ የጥይት ቅርፊት) ሰብስበው ቤታቸው ውስጥ መልሰው እንደሚሞሉ ሲያወሩ፣ እዚህ ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ ሰው «እኛስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የዋጋ ይመስላል፤ መልሱ ግን ያለው ቀለሃው ቂጥ ላይ ነው።

ጥይት የቀለሃ፣ የባሩድ፣ ቀለሃው ቂጥ ላይ ተቀምጦ ባሩዱን የሚለኩሰው ማቀጣጠያና ተወርውሮ የሚሄደው አረር ድምር ነው። ብዙ ጊዜ ውዱ ቀለሃው ሲሆን ከተኩስ በኋላ የሚተርፈውም እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ የመሙላት ቁጠባ ሁሉ የሚመነጨው ከእርሱ ነው። ለመሙላት የሚመቸው ከናስ የተሠራውና ከማቀጣጠያው ሥር አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ስም የሚጠራው ዓይነት ነው፤ የተተኮሰው ማቀጣጠያ በቀጭን ዘንግ ተገፍቶ በቀላሉ ይወጣለታል። በአሜሪካዊው በርዳን የተሰየመው ግን ከመሃል ወጣ ያሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ሥራው አድካሚ ነው። (የሚገርመው አሜሪካውያን የያዙት የእንግሊዛዊውን መሆኑ ነው።) የክላሽ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት በብዛት የብረት ቀለሃና የበርዳን ማቀጣጠያ ያለው በመሆኑ፣ ለክላሽ ባለቤት ንጽጽሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ያህል ነው።

የናስ ቀለሃ ላለው ሰው ደግሞ መሙላት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ የባሩዱንና የአረሩን ልክ ለአንድ ጠመንጃ ጠባይ ማስማማት ስለሚቻል ዒላማ ተኳሾች ይመርጡታል። እንደ ውጅግራ ላለ፣ ጥይቱ ከገበያ ለጠፋ የጥንት ጠመንጃም ሌላ አማራጭ እምብዛም የለም። ሆኖም ባሩድ ሁለት ጊዜ የተጨመረበት ቀለሃ ጠመንጃውን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ያነሰበት ደግሞ አረሩን በርሜሉ ውስጥ ቀርቅሮ ሊያስቀር ይችላል። ብዙ ባሩዶች ሲሞቁ ግፊታቸው ስለሚጨምር፣ በደሴ ብርድ እስከ ከፍተኛው የባሩድ ልክ ተሞልቶ የተሞከረ ጥይት ቆላማ ስፍራ ሲወርድ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ፋብሪካ ግፊቱን በመሣሪያ ለክቶና ለሙቀት ልዩነት ህዳግ ትቶ ነው የሚያወጣው።

በአገራችን የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም። ፈቃድ ላለው ሰው ምክሬ የፋብሪካ፣ ያውም ካርቶኑ ያልተከፈተና ዝገት የሌለበት ጥይት ነው፤ ሌላ ሰው በእጁ የሞላውን ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።