ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ያገኘሁት የኪንታሮት ሕክምና

ሐኪሙ ከምርመራው በፊት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የፊንጢጣ ቦይ በወረቀት ላይ ሥለው፣ መሐሉ ላይ እንደ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ መስመር አሰመሩበት፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ክፍል እንደ ቆዳ ሕመም ስለማይሰማው የውስጥ ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ሳያም እንደሚደማ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ግን ክፉኛ እንደሚያም አስረዱኝ። የእኔ ከመስመሩ በላይ በመሆኑ ያለ ማደንዘዣ በላስቲክ ቀለበት ታሰረልኝ፤ ጥቂት የመክበድ ስሜት ከመሰማቱ በቀር አላስቸገረኝም። የሚደማ ሁሉ ኪንታሮት ነው ብለው ሳይደመድሙ ትልቁ አንጀትም እንዲታይ ማዘዛቸው (እኛ እንደሆነ ይህን ሕመም አፍረን መደበቅ ይቀናናል) ሊመሰገን የሚገባው ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ግን የመጣሁበትን ጉዳይ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ መጠየቋ ሊታረም ይገባል።