«ከፖሊስ ነው የምደውለው» ካሏችሁ ስልኩን ዝጉት

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ሹፌር ልጅ ወይም ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ያለቻችሁ ወላጆች፣ ይህን አንብባችሁ ማንበብ ለማይችሉት እናቶችም ንገሩልኝ። ፖሊስ ነን እያሉ ሰው አስደንግጠው ገንዘብ የሚወስዱ ሌቦች አሉ።

ደዋዩ «ኢንስፔክተር እገሌ ነኝ» ይላል። አነጋገሩ ቆፍጠን ያለ ነው፣ ከኋላው የመገናኛ ሬዲዮ ይንጫጫል። «ልጅዎ ሰው ገጭቶ እኛ ጋ ተይዟል፤ አሁኑኑ የዋስትና ብር ካልላኩ ማረሚያ ቤት ይወርዳል» ይላል። ቀጥሎ «እማ! እማ ድረሽልኝ!» እያለ የሚያለቅስ ወጣት ያሰማሉ። እያለቀሰ ያለ ሰው ድምፅ ደግሞ ለእናትም አይለይም። የሰፈራችን አንዲት እናት በዚህ መንገድ ለዓረፋ በግ ያስቀመጡትን ብር በሙሉ ላኩ። ልጃቸው በዚያው ሰዓት ሚሌ መንገድ ላይ ምሳውን እየበላ ነበር። ሹፌር መሆኑን ከየት አወቁ? ከመኪናው ጋር የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ማንም ያየዋል።

ዋናው መሣሪያቸው «ስልኩን እንዳትዘጊ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» የምትለው ቃል ናት። ከዘጋችሁ ለልጃችሁ ትደውላላችሁ፣ ከደወላችሁ ውሸቱ ያበቃል። ስለዚህ አስጨርሷቸው አልልም፣ ወዲያው ዝጉት። ልጁ ስልክ ካላነሣ ረዳቱን፣ ሚስቱን፣ የመኪናውን ባለቤት ጠይቁ።

ሰው በእውነት ቢታሰር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። የዋስትና ገንዘብም በደረሰኝ ይከፈላል እንጂ በአንድ ግለሰብ ቴሌብር አይገባም። የትኛው ጣቢያ እንደተያዘ ጠይቁና በአካል ሂዱ፣ ወይም እዚያ ያለ ዘመድ ላኩ።

ሌላም አመጣጥ አላቸው። «በስምዎ በወጣ ሲም ካርድ ወንጀል ተሠርቷል፣ ለማጣራት አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላሉ። ያ ቁጥር የባንካችሁ ወይም የቴሌግራማችሁ ቁልፍ ነው፤ ለፖሊስም ለባንክ ሠራተኛም አይነገርም። ኮከብና መሰላል ያለበት ቁጥር ደውሉ ቢሏችሁም እምቢ በሉ፣ ወደ እናንተ የሚመጣውን ጥሪ ወደ ራሳቸው ስልክ ሊያዞሩበት ይችላሉ። የዋትሳፕ ፎቶው ላይ የፖሊስ ዩኒፎርም ማየታችሁም ምንም አያረጋግጥም፤ ፎቶ ከየትም ይገኛል።

ብሩን ልካችሁ ከሆነ ሐፍረት ይዟችሁ አትቀመጡ። ገንዘቡ ከሌባው ሒሳብ ሳይወጣ መድረስ ነው የሚያዋጣው። በንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ በቴሌብር ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮምን 994 ላይ ደውሉና ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ። የደወለበትን ቁጥርና የገባላችሁን መልእክት ሳታጠፉ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ።

ደሴ ፒያሳም ሆነ ሸዋበር የቴሌብር ወኪል የሆናችሁ ልጆች፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እየተንቀጠቀጠች ብር ላኩልኝ የምትል እናት ስትመጣባችሁ መጀመሪያ ስልኩን ተቀብላችሁ ዝጉላት፣ ከዚያ ለማን እንደምትልክ ጠይቁና ልጇ ጋ ደውሉላት።