የበረዶ አምሮቴን ለጠረጠረችው አዋላጅ ነርስ

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆንኩት በግንቦት ነው። የድሬዳዋን ግንቦት የቀመሰ ያውቀዋል። ቆሜ ሽንኩርት መክተፍ ያቅተኛል፤ ሁለት እርምጃ ስሄድ ልቤ ይመታል፤ ደግሞ በረዶ እቆረጥማለሁ። ሌሊት ሳይቀር ተነስቼ ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ። ባለቤቴ በቁርጠማዬ ድምፅ እየነቃ «ወፍጮ ቤቱ ተከፈተ» ይለኝ ነበር። ማንም አልተገረመም፤ በዚህ ሙቀት በረዶ የማያምረው ማን አለ? የሄድኩበት አንድ የግል ክሊኒክም «ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ» ብሎ ሸኝቶኛል።

ለክትትል ከቀፊራ ገበያ ብዙ ወደማይርቅ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ስሄድ አዋላጅ ነርሷ «ምን ያምርሻል?» አለችኝ። እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስባ አየች፤ መዳፌን ከራሷ መዳፍ ጎን አድርጋ አስተያየች። የእኔው ሰም ይመስል ነበር። «እህቴ፣ በረዶ ወይም አፈር አጥብቆ የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ ብረት አንሷት ነው» ብላ ወደ ላቦራቶሪ ላከችኝ። ሄሞግሎቢኔ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 9.1 ሆነ። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይሉታል። ወባና የሆድ ትላትልም ደም ያሳንሳሉ ብላ እነሱንም አስመረመረችኝ፤ አልተገኙብኝም።

«የብረት ክኒኑን እኮ በየቀኑ እውጣለሁ!» አልኳት፤ ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

«በምን ትውጪዋለሽ?»

«በሻይ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሻይና ቡና ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያደርጉት፣ ስለዚህ በክኒኑና በሻዩ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል መራቅ እንዳለበት፣ በብርቱካን ጭማቂ ብውጠው ግን የተሻለ እንደሚገባ አስረዳችኝ። ለካስ ሁለት ወር ሙሉ በአንድ እጄ ስሰጥ በሌላው ስነጥቅ ኖሬአለሁ! በቀን አንድ የነበረውን ክኒን ሁለት አደረገችው (ለእኔ የታዘዘ ነው፣ በራሳችሁ እንዳታደርጉት)፤ ሲያቅለሸልሸኝ ደግሞ ወደ መኝታ ሰዓት አዛወረችልኝ። ሰገራ እንደሚጠቁር አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በድንጋጤ አቆመው ነበር።

አማቴ ቀይ ሥር ቀቅለውልኝ አብረውኝ ጤና ጣቢያው ድረስ ይዘው ሄደዋል፤ «ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል» ብለው። እኔ በሀፍረት ወለሉን ሳይ ነርሷ «ትብላው እናቴ፣ ጥሩ አድርገዋል፤ ምስርና ሥጋም ይጨምሩላት፣ ክኒኑን ግን እንዳታስቀርብኝ» አለቻቸው። አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክኒኑ ዘበኛ ሆኑ።

ሄሞግሎቢኔ ከወር በኋላ 10.4፣ ከመውለዴ በፊት 11.3 ደረሰ። የበረዶው አምሮት ግን ከሁሉ ቀድሞ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ልጄ 3.1 ኪሎ ሆና ተወለደች።

ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም፤ ለሚፈልጋት በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ለምርመራውም ለክኒኑም አልከፈልኩም። ወረፋ ስላለ በጠዋት ሂዱ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን የ45 ቀን ክትባት ላስከትብ ስመጣ፣ እሷን ከመሳምሽ በፊት የእኔን የዓይን ቆብ ስበሽ አየሽ። «ክኒኑን አልተውሽም አይደል?» አልሽኝ። አልተውኩም፤ በብርቱካን ነው የምውጠው።